ኪራዩ የቆመበት ሰፈር፦ የአውቶቡስ ተራ የቀበሌ ቤቶች

የክፍለ ሀገር ሰው አውቶቡስ ተራን የሚያውቀው በመናኸሪያው ነው። ገና ሳይነጋ ሻንጣውን ታቅፎ ይመጣል፤ ረዳቶቹ «ደብረ ማርቆስ! ባሕር ዳር!» እያሉ ሲጣሩ ወንበሩን ይይዝና ይሄዳል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባሉት ቅያሶች ውስጥ ለሚኖረው ሰው ዞር ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ያኛው ደግሞ የትም የማይሄድ ሰው ነው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ ልጆቹን እዚያው ድሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ ተከራይ ሆኖ የኖረ በየግቢው ሞልቷል። ሌላ ሰፈር ቢሆን ዕድሜ ልክ ተከራይ መሆን የሚያሳዝን ነገር ነው። እዚህ ግን ኪራይ ቤት እንደ ርስት ይታያል፤ አባት ሲያልፍ ልጅ ውሉን በስሙ ለማዞር ይሯሯጣል። ይህን ያመጣው የቀበሌ ቤት የሚባለው ሥርዓት ነው።

ሰፈሩ ያለበት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች በቆዳ ስፋት ትንሹ ነው፤ ከሰባት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሯል። ሰፈሩን የቀየሱት ጣሊያኖች ናቸው። አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ አራዳን ለነጮች፣ አዲሱን ቦታ፣ የዛሬውን መርካቶ፣ ለአገሬው ሰው ብለው ከፈሉ። መርካቶ ውስጥ በሌላው የድሮ አዲስ አበባ እምብዛም የማይገኝ ቀጥ ያለ መንገድና አራት ማዕዘን ብሎክ የሚታየው ለዚህ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሥርዓት ያለው ብሎክ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ጠባብ መተላለፊያ በመተላለፊያ ላይ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባለ ቦታዎች ለነጋዴው፣ ለተሸካሚውና ለልብስ ሰፊው የሚከራይ ክፍል ከክፍል እያያያዙ ጭቃ በእንጨት ሠሩበት፣ ቆርቆሮ አለበሱት።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ የቀረውን አስረከበ። የተወረሰው ቤት በኪራዩ ልክ ለሁለት ተከፈለ፦ በወር ከ100 ብር በላይ የሚከራየው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ከዚያ በታች ያለው ለቀበሌ። ኪራዩም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ትንሽ ለሚከፍለው ቅናሹ ይበልጥ ነበር። አውቶቡስ ተራ ባለ አንድ ክፍል ቤት የበዛበት ሰፈር ስለሆነ አብዛኛው ለቀበሌ ደረሰ።

የተቀነሰው ኪራይ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ አላለም። ጤፍ ሲወደድ፣ ብር ሲረክስ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ቀበሌ ራሱ ወረዳ ሲሆን፣ የጥቂት ብር ኪራይ እዚያው ቆሞ ቀረ። ቀበሌው ደረሰኙን ያሳተመበትን ገንዘብ እንኳ መልሶ ያገኝ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

እንደ እኔ ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የሰፈሩ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ኪራይ ይመዘዛል። ኪራዩ ሰውን አጸና፣ ቤቱን ደግሞ በላ። በዚህ ዋጋ ሌላ ቦታ ቤት ስለማይገኝ ማንም አይለቅም፤ ማንም ስለማይለቅ ጎረቤት ከዘመድ ይቀርባል፣ እድሩም አይላላም። ለቤቱ ግን አሳቢ የለውም። ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ የአንድ ጣሪያ ቆርቆሮ አይገዛም፤ ስለዚህ አከራዩ አያድስም። ተከራዩም የእኔ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ለምን ገንዘብ ላፍስስ ይላል፤ ላድስ ቢልም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ብልሃቱ ከውስጥ መሥራት ነው። ከውጭ ጭቃው ረግፎ ጭራሮው የሚታይ ቤት ገብታችሁ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ላይ ሰፊ ቴሌቪዥን ብታገኙ አትደነቁ።

ሕንዶችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በቦምቤይ፣ በዛሬዋ ሙምባይ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣ የኪራይ ሕግ ኪራዩን በ1940 ዋጋ ላይ ቸነከረው። ቻውል የሚባሉት ባለ አንድ ክፍል የሠራተኛ ሕንጻዎች ባለቤቶች እድሳት ተዉ፤ ሕንጻው እየተናደ ሰው መግደል ጀመረ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1969 የጥገና ቦርድ እስከማቋቋም ደረሰ። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ አከራዩ ግለሰብ በመሆኑ የሚከሰስ መኖሩ ነው። እኛ ዘንድ ባለቤቱም፣ ሕግ አውጪውም፣ አቤቱታ ሰሚውም አንድ ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። አንድ የቆርቆሮ በር ስትከፍቱ ግራና ቀኝ ሰባት ስምንት በር ይቀበላችኋል። መካከሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ነው፤ ከላይ የልብስ ገመድ፣ ከታች ቢጫ ጀሪካንና በርሜል። ውሃ በፈረቃ ነው፤ እኩለ ሌሊት ከመጣ መጀመሪያ የሰማው ሌላውን በር እያንኳኳ ይቀሰቅሳል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ጽዳቱ በተራ ነው። ቆጣሪውም አንድ ነው። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ በየቤቱ ባለው አምፖል ቁጥር ይካፈላል፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያለው ይጨምራል። ጠቡ የሚነሣው ግን በምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በአንድ ቆጣሪ ላይ ሁለት ምጣድ ከተጣደ መብራቱ ከግቢው ሁሉ ይጠፋል፤ የሁለቱም ሊጥ ምጣድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጋገሪያ ቀን ይከፋፈላሉ። ቀኗ ያልሆነች ሴት የግድ ሲሆንባት አንገቷን ብቅ አድርጋ «እትዬ፣ ምጣድ ላይ ነዎት እንዴ?» ሳትል ሶኬት አትነካም። «ሦስት ነው የቀረኝ፣ ልጄ» ከተባለች ሊጧን ከድና ትጠብቃለች። ይህን ደንብ የጻፈው የለም። አፍርሶት በሰላም የኖረ ሰውም አላየሁም።

ክፍሉ ለጎን መስፊያ ስለሌለው ወደ ላይ ይሰፋል። ቆጥ የሚሉት ይህ ነው። ግድግዳው ላይ ሞራሌ ይጋደማል፣ ጣውላ ወይም ቺፑድ ይነጠፍበታል፣ መሰላል ይደገፋል፤ አንዱ ክፍል ሁለት ሆነ ማለት ነው። ከታች ይበላል፣ ይነገዳል፣ እንግዳ ይስተናገዳል፤ ከላይ ይተኛል። ቆጥ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም የለም፤ ሱሪ የሚታጠቁት ተቀምጠው ነው። ቀን ቆርቆሮው ይግላል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድበት ደግሞ ስልክ ማነጋገር አይታሰብም።

ቆጡ ለልጆች መኝታ ብቻ አይደለም፣ ገቢም ነው። ባለውሉ ለቀበሌ ጥቂት ብር ይከፍላል፤ ቆጡን ከገጠር ለመጣ ጫኝና አውራጅ ወይም ለሱቅ ሠራተኛ ያከራያል፤ ቆጥ ተከራዩ ደግሞ ፍራሹን ለአገሩ ልጅ ያካፍላል። ደንቡ የቀበሌን ቤት ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍን ይከለክላል፤ መርካቶ ግን አልጋ ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። ከዚህ ሰንሰለት ሁሉ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ፦ ለድሃ ተብሎ በአዋጅ የረከሰው ኪራይ የሚደርሰው ላይኛው ሰው ጋ ብቻ ነው፤ ከሁሉ የደኸየው፣ ቆጥ ላይ ያለው፣ የሚከፍለው የገበያውን ዋጋ ነው።

በመንገዱ ፊት ለፊት ያለው ቤት ደግሞ ሌላ ንግድ አለው። አውቶቡሱ የሚነሣው ማለዳ ስለሆነ መንገደኛው ሌሊቱን እዚያው ማደር አለበት። «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍና ቤርጎ ሰፈሩን የሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ላምበረትና ቃሊቲ የየራሳቸው መናኸሪያ ካገኙ ወዲህ በእነሱ በኩል የሚወጣው መንገደኛ ከዚህ ቀንሷል።  ቤርጎው ግን አሁንም አለ።

የሰፈሩን ጥብቀት ሲያወድሱ እሳትን መርሳት አይገባም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት እዚያው መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሱቅ አውድሟል፤ የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪና ችግር ሆኖ ነበር። አንድ ቆጣሪ፣ የተቀጠለ ሽቦ፣ የእንጨት ቆጥ፣ ከሥሩ ሸቀጥ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከተማው በበኩሉ ከ1997 ዓ.ም. አንስቶ ኮንዶሚኒየም እየሠራ የቀበሌ ቤት ነዋሪን ሲያነሣ ቆይቷል። ኮንዶሚኒየሙ የራስ ሽንት ቤትና የራስ ቆጣሪ አለው፤ እንጀራ መጋገሪያውና በግ ማረጃው ኮሚናል የሚባል የጋራ ቤት ነው፤ መሐንዲሶቹ ግቢውን ጨርሰው አልረሱትም ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። መልካም ሕግ ነው። ቆጥ ተከራዩ ግን ይህን ውል ላስመዝግብ ቢል አከራዩ ማን እንደሆነ መናገር አለበት፤ አከራዩ ደግሞ ሊያከራይ አይችልም። ሰፈሩ ለልማት ሲፈለግ ባለውሉ በመዝገብ ተጠርቶ ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይደርሰዋል። ቆጥ ላይ የነበረው ፍራሹን ጠቅልሎ ደላላ ይፈልጋል፤ ደላላውም በኮሚሽን ሌላ ቆጥ ያሳየዋል።