ዝም ያለ የኦርጋን ቁልፍ

በሰርግ ቤት የምናየው፣ በመብራት ወይም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው የሙዚቃ መሣሪያ ኪቦርድ ይባላል። ብዙ ሰው ግን ኦርጋን ይለዋል፤ እኛም እንደዚያው እንበለው። ሰርግ ለሰርግ እየዞረ ለሚጫወት ሰው እንጀራው እሱ ነው። ታዲያ አንድ ቀን አንዱ ቁልፍ ቢጫኑት ዝም ይላል፤ ወይም ሳይታሰብ ይጮኻል። ባለቤቱም «ተቃጠለ» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ብዙውን ጊዜ ግን የተቃጠለ ነገር የለም። ጥፋቱ የአቧራ ነው።

ከሚሴ ቆላ ናት። የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። በበጋ አቧራው ቤት ድረስ ይገባል። ኦርጋን ሳይሸፈን ካደረ በቁልፎቹ መካከል ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሻይ ወይም ለስላሳ ከፈሰሰበትማ የባሰ ነው፤ ስኳሩ ይጣበቃል።

ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ? ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ወደ ላይ ያበጠ ለስላሳ ጎማ አለ። በጎማው ውስጥ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ነጥቡ የከሰል ዘር ስላለበት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ቁልፉ ሲጫን ነጥቡ ወርዶ ከሥሩ ያለውን ሰሌዳ ይነካል፤ ያን ጊዜ ድምፅ ይወጣል። አቧራ በመካከል ከገባ አይነካኩም። በብዙ ኦርጋኖች ደግሞ ለአንድ ቁልፍ ሁለት ነጥብ ነው ያለው። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ይነካል። መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ለክቶ ቁልፉ በኃይል ይመታ በቀስታ ያውቃል። ከሁለቱ አንዱ ሲቆሽሽ ነው እንግዲህ፣ በቀስታ ቢነኩትም የሚጮኸው።

ለማጽዳት መጀመሪያ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ ባትሪ ድንጋዩም ይወጣል። ኦርጋኑ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ቪቴዎቹ በካቻቢቴ ይፈታሉ። አጭርም ረጅምም ስላሉ የየት እንደሆኑ ምልክት ይደረግ። ክዳኑን መመንጨቅ አይገባም፤ ቀጫጭን ገመዶች ይበጠሳሉ። ቁልፎቹ ከተነሡ በኋላ ጎማው ቀስ ተብሎ ይላቀቃል። ሰሌዳው ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በረጠበ ጥጥ ይጠረጋል። አልኮል እሳት ይይዛልና ምድጃ አጠገብ አይሁን። ጎማው በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ የብርጭቆ ወረቀት ጨርሶ አይንኩት፤ ጥቁሩን ነጥብ ያጠፉታል። ጣትም ቅባት ስላለው አይነካውም። ሁሉም ሲደርቅ ጎማው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የጎማው እግሮች በቀዳዳቸው እንዲገቡ በስቴኪኒ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው። ብዙ ቁልፎች ባንድ ጊዜ ዝም ካሉ ግን ገመድ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ይሰጥ።

ሰርጉ ዛሬ ማታ ቢሆንስ? ያኔ በቅኝት መላ ይፈለጋል። በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ባቲ የዚሁ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተማ ናት፤ ስሟም የቅኝት ስም ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው 5 ድምፅ አላቸው። የኦርጋን ቁልፎች ደግሞ ነጩም ጥቁሩም ተቆጥሮ በየ12ቱ ይደጋገማሉ። ባቲን ለመጫወት ከ12ቱ 5ቱ ይበቃሉ ማለት ነው። ዝም ያለው ቁልፍ ከ5ቱ ውጭ ከሆነ ማንም አያውቅም። ከ5ቱ አንዱ ከሆነ ግን ብዙ ኦርጋን ላይ ትራንስፖዝ የሚባል መጫኛ አለ። እሱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ጣቶቹን በሙሉ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ማዛወር ነው። ዜማው እንደነበረ ይሰማል፤ ጣት የሚያርፈው ግን በሌሎች ቁልፎች ላይ ይሆናል። አሁንም ጣት ዝም ባለው ቁልፍ ላይ ካረፈ ሁለት ደረጃ ይሞከር። ኦርጋኑ በማግስቱ ይከፈታል።