ከክፍላቸው የቀደሙ ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1968 የክረምት ዕረፍት፣ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሚሰጠው የኮምፒውተር ኮርስ ላይ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ይማር ነበር። ጆሴፍ ቤትስ ይባላል። ትምህርቱ ቀሎት ሲሰለቸው፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ማስረዳት ያዘ። አስተማሪዋ ምን እንደምታደርገው ቢቸግራት ጁሊያን ስታንሊ ለተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነገረችው።

ስታንሊ ልጁን በእኩዮቹ ፈተና አልመዘነውም። አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚቀመጡበትን ኤስ.ኤ.ቲ. ሰጠው። ቤትስ ጆንስ ሆፕኪንስ ከሚጠይቀው የመግቢያ ነጥብ በላይ አመጣ። የአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለ ትምህርት ሊሰጡት ፈቃደኛ ስላልሆኑ፣ ስታንሊ የዩኒቨርሲቲውን ዲን አሳምኖ ልጁን በ13 ዓመቱ አስገባው። ቤትስ 17 ሲሞላው ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ነበር።

እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ ዓይናችን የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ፈተናው ነው። በ6ኛ ክፍል ሒሳብ 98፣ 99 እና 100 ያመጡ ሦስት ልጆችን እናስብ። ደረጃ ይሰጣቸዋል፣ ይጨበጨብላቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን በጥድፊያ የተሳተ አንድ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። እነዚሁ ልጆች የ12ኛ ክፍል ፈተና ቢቀርብላቸው አንዱ ከግምት የማይሻል ውጤት ያመጣ ይሆናል፤ ሌላው ግማሹን ይሠራል፤ ሦስተኛው ሊደፍነው ይችላል። የክፍሉ ፈተና ቁመት በአንድ ሜትር ዘንግ እንደመለካት ነው፤ ከዘንጉ ያለፈ ሁሉ እኩል ይባላል።

ስታንሊ በ1972 ከባልቲሞር አካባቢ 450 ታዳጊዎችን ሰብስቦ የኤስ.ኤ.ቲ.ን የሒሳብ ክፍል ሰጣቸው። ብዙዎቹ በክፍል ያልተማሩትን ሒሳብ ራሳቸው መንገድ ፈልገው ሠሩት። የዚያን ጊዜ የተጀመረው ክትትል ዛሬም አላቆመም፤ ካሚላ ቤንቦው እና ዴቪድ ሉቢንስኪ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሆነው ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎችን ሕይወት ሲመዘግቡ ኖረዋል። ካገኙት ሁሉ ለወላጅ የሚጠቅመው ስለ ክፍል መዝለል፣ በእኛ አባባል ደብል ስለ መምታት ያሉት ነው። ተመሳሳይ ችሎታ ካላቸው ልጆች መካከል ደብል የመቱት፣ ካልመቱት ይልቅ ዶክትሬት የመያዝና የፈጠራ ባለቤትነት የማስመዝገብ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር።

«ልጅነቱን ትቀሙታላችሁ» የሚል ሙግት መነሳቱ አይቀርም። ስጋቱ ይገባኛል፤ መረጃው ግን ወደ ሌላ ያደላል። አውስትራሊያዊቷ ሚራካ ግሮስ እጅግ ከፍተኛ ችሎታ ያላቸውን 60 ልጆች ለዓመታት ስትከታተል፣ ጓደኛ ማፍራት በጣም የከበዳቸው ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲቆዩ የተደረጉት ሆነው አገኘቻቸው። ከእነሱም ትምህርት ያቋረጡ ነበሩ።

በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች «የልዩ ተሰጥኦ ፕሮግራም» የሚባለው ግን ደብል ከመምታት በጣም ያነሰ ነው። ልጁ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ከክፍሉ ወጥቶ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ፕሮጀክት ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ለመደው ትምህርት ይመለሳል። በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በውጤት ላይ የሚጨምሩት ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። አይደንቅም! በሒሳብ ሁለት ዓመት የቀደመ ልጅ በረቡዕ ከሰዓት አይጠግብም።

ሌላው ጣጣ ምልመላው ነው። ሉዊስ ተርማን በ1921 በካሊፎርኒያ ልጆችን በአእምሮ ፈተና እየለየ ዝነኛውን ጥናቱን ሲጀምር፣ ዊሊያም ሾክሊ እና ሉዊስ አልቫሬዝ ነጥቡን ባለማምጣታቸው ከጥናቱ ውጭ ሆኑ። ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። በፍሎሪዳ ደግሞ ዴቪድ ካርድ እና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አንድ ትልቅ የትምህርት አስተዳደርን አጥንተዋል። እዚያ ልጅ የሚፈተነው አስተማሪ ወይም ወላጅ ሲጠቁመው ነበር። በ2005 አስተዳደሩ ጥቆማ ሳይጠብቅ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሁሉ መፈተን ሲጀምር፣ ከድሃ ቤተሰብ ወጥተው የተመረጡት ልጆች ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ልጆቹ ቀድሞም ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፤ የጠቆማቸው አልነበረም እንጂ። በጀት ሲያጥር ፈተናው ቀረ፤ ቁጥሩም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

በአገራችን ያሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በዚህ በኩል አንድ ብልጫ አላቸው። መነሻቸው የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲሆን፣ እዚያ የደረሰ ሁሉ ያለማንም ጥቆማ ይፈተናል። እርግጥ ነው፣ 8ኛ ክፍል ሳይደርስ እረኝነት ወይም ሥራ ያስቀረው ልጅ አይቆጠርም፤ የፍሎሪዳው ምርመራ በሰባትና በስምንት ዓመት ዕድሜ መደረጉ ለዚህ ይጠቅማል። በሚኒስትሪ ላይ የራሱን የመግቢያ ፈተና የሚጨምር ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ጥያቄዎቹን እንደገና ከ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ካወጣ ያው የመጀመሪያውን ፈተና ደገመ ማለት ነው። ከ10ኛ ክፍል ሒሳብ ሁለት ምዕራፍ ቢያስገባበት በ98ና በ100 መካከል የተደበቀው ልዩነት ይወጣል፤ ወጪውም ከወረቀት ብዙ አያልፍም።