ታወሩ ሲርቅ ስልኩ ይበረታል

የምሠራው በሞባይል ኔትወርክ የሬዲዮ ክፍል ነው። አንቴና የት እንደሚተከል፣ ወደየት እንደሚዞርና በምን ያህል ኃይል እንደሚሠራ እናሰላለን፤ ከተተከለ በኋላ ደግሞ መለኪያ ይዘን ሰፈሩን እንዞራለን። በየሄድንበት የሚጠብቀን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይሄ ነገር ካንሰር ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው?» የሕንፃው ጥበቃ ይጠይቃል፤ ልጅ ያዘለች እናት ትጠይቃለች፤ ከእኛው ጋር ገመድ የሚጎትተው የቀን ሠራተኛም ይጠይቃል። ከሙያ አጋሮቼ መካከል ጥያቄውን እንደ አላዋቂነት ቆጥረው በፈገግታ የሚያልፉት አሉ። እኔ ግን ማንም ሳያማክረው ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት አንቴና የተተከለበት ሰው ቀጥተኛ መልስ ይገባዋል ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ከጎናቸው ባለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና እንዲነሳላቸው ፊርማ አሰባስበው ነበር። ለመለካት ስንሄድ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ እናት በራቸውን ከፍተው አስገቡን። «ልጄ፣ ይሄ ታወር ከመጣ ወዲህ ራሴን እየወቀረ አላስተኛኝ አለ» አሉኝ። መለኪያውን አንቴናው ወለል ብሎ በሚታይበት በረንዳ ላይ አቆምነው። የተመዘገበው ዓለም አቀፉ መመሪያ ለሕዝብ ከፈቀደው መጠን አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። እንግዳ ውጤት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የልኬት ጥናቶችን አይቶ ከእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ወደ ሰው የሚደርሰው ከተፈቀደው መጠን ከ0.002 እስከ 2 በመቶ እንደሆነ አስታውቋል።

በዚያው ሰዓት የልጅ ልጃቸው ጓዳ ገብታ ስልክ ታወራ ነበር። መለኪያውን ወደ ስልኳ ብናስጠጋው ቁጥሩ ከበረንዳው ብዙ እጥፍ ሆኖ ወደ ላይ ወጣ። እናትየው መለኪያውን አዩ፤ ልጅቷን አዩ።

«እንዴ! የእሷ ስልክ ከታወሩ ይበልጣል?»

«አዎ እናቴ፣ ለእሷ ይበልጣል። እሱም ቢሆን ግን ከተፈቀደው አላለፈም።»

አንዱ ምክንያት ርቀት ነው። የሬዲዮ ሞገድ ከምንጩ ሲርቅ ቶሎ ይሳሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። አንቴናው የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ከቤታችን ብዙ ሜትር ይርቃል፤ ስልኩ ግን ጆሯችን ላይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ኃይል አያስተላልፍም። ጣቢያው «ጨምር»፣ «ቀንስ» እያለ ያዘዋል፤ በ3ጂ ይህ ትእዛዝ በሴኮንድ 1,500 ጊዜ ይላካል። ጣቢያው ቅርብ ከሆነ ስልኩ በሹክሹክታ ይግባባል፤ ከራቀ ወይም መሀል ላይ ወፍራም ግድግዳ ከገባ ይጮኻል። የድሮው 2ጂ በ900 ሜጋኸርዝ ሲሠራ እስከ 2 ዋት ይደርሳል፤ በየተራው እየቆራረጠ ስለሚያስተላልፍ ግን አማካዩ ሩብ ዋት ነው። 3ጂና 4ጂ ሲበዛ ሩብ ዋት ገደማ ናቸው፤ ኔትወርኩ ጥሩ ሲሆን ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ባነሰ ኃይል ሊሠሩ ይችላሉ። ወደ ጎጃም ሲጓዝ አባይ በረሃ ላይ ባትሪው ሲሟጠጥበት ያየ ሰው ይህን ያለ መለኪያ ያውቀዋል። ስልኩ እዚያ ገደል ውስጥ ከሩቅ ጣቢያ ጋር ለመገናኘት ጉልበቱን እያፈሰሰ ነው።

እንግዲህ ፊርማው ተሳክቶ አንቴናው ቢነሳ ምን ይሆናል? በግቢው ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ራቅ ካለ ጣቢያ ጋር ለመገናኘት ኃይሉን ይጨምራል። ልጆቻቸውን ከጨረር ለማራቅ የፈረሙ ወላጆች ሳያስቡት ጨረሩን ወደ ልጆቻቸው ጆሮ ያቀርቡታል። «ጨረር ይከላከላል» ተብሎ የሚሸጠው ተለጣፊና የስልክ ሽፋንም ያው ነው፤ ሲግናሉን ከጋረደ ስልኩ እንዲበረታ ያስገድደዋል፤ ካልጋረደ ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው።

ወደ ካንሰሩ ልምጣ። የስልክ ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር የሞለኪውልን ትስስር የሚበጥስ ጉልበት የለውም። እስካሁን በእርግጠኝነት የታወቀው ውጤቱ ሙቀት ነው። ገደቡም የተሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ለመላው ሰውነት የሕዝብ ገደብ ጉዳት ሊጀምር ይችላል ከተባለበት መጠን 50 ጊዜ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ለስልክ አውሮፓ ጭንቅላት ላይ በኪሎግራም 2 ዋት ሲፈቅድ አሜሪካ በራሷ አለካክ 1.6 ትላለች። ገደቡ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ አይፎን 12ን በቤተ ሙከራ አስለክታ፣ እጅ ወይም ኪስ ውስጥ ሲሆን ከተፈቀደው በኪሎግራም 4 ዋት አልፎ 5.74 ደርሶ ስላገኘችው ሽያጩን አግዳ ነበር፤ አፕል ሶፍትዌሩን እስኪያስተካክል ድረስ። ተቆጣጣሪ እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ለሚል፣ ከባዶ አልመጣም። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስገብቶታል። ከመነሻዎቹ አንዱ በ13 አገሮች የተካሄደው ኢንተርፎን የተባለ ጥናት ነበር። ጥናቱ በጥቅሉ አደጋ ባያገኝም ከሁሉም በላይ ብዙ ሰዓት አወራን ባሉት ሰዎች ላይ የአንጎል ዕጢ ትንሽ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ሆኖም ታማሚ ከዓመታት በፊት ምን ያህል እንዳወራ በትዝታ የሚመልሰው መልስ እንደማያስተማምን አጥኚዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። በዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄ 63 ጥናቶችን የመረመረው የ2024ቱ ግምገማ በስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም፤ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በተጠቀሙትም ላይ ቢሆን። ሞባይል ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ሰው እጅ በገባባቸው የስካንዲኔቪያ አገሮችም የአንጎል ካንሰር ቁጥር ከስልኩ ጋር አብሮ አልተተኮሰም። ይህን ሁሉ አይቼ ስልኬን በነፃነት እጠቀማለሁ፤ ልጆቼንም ከዋይፋይ አላርቅም። ረጅም ወሬ ከሆነ ግን ማዳመጫ እሰካለሁ። ወጪ የለውም፤ ስልኩን ከጭንቅላት አንድ ክንድ ማራቅ ደግሞ ጨረሩን በጣም ይቀንሰዋል።

የእናትየው ራስ ምታት ግን አሳስቦኛል። ሕመሙ እውነት ነው። እንዲህ የሚያማቸው ሰዎች አንቴናው መከፈት አለመከፈቱ ሳይነገራቸው በተደጋጋሚ ተፈትነዋል፤ መቼ እንደተከፈተ መለየት አልቻሉም። ይህ ማለት ያስመስላሉ ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው። የደም ግፊታቸውን መቼ እንደተለኩ ስጠይቃቸው አላስታወሱም። ታወሩን የሚከስ ቤተሰብ ሐኪም ቤት ለመሄድ ይዘገያል፤ በእኔ ዓይን ከአንቴናው ይልቅ የሚጎዳው ይህ መዘግየት ነው። ስለ ስልክ እየተጨነቀ መኪና እየነዳ መልእክት የሚጽፍ ሰውም አለ። እሱን ሊገድለው የሚችለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም።

እውነተኛ አደጋ ሊኖር የሚችልበትን ቦታ ሰው የማይፈራው መሆኑ ደግሞ ያሳዝነኛል። አንቴና ሞገዱን የሚልከው ወደ ፊት ለፊቱ፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ ነው፤ ከሥሩ ወዳለው ክፍል የሚደርሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ጣሪያ ላይ ከአንቴናው ፊት በጥቂት ሜትሮች ውስጥ የሕዝቡ ገደብ ሊታለፍ ይችላል። እኛ እዚያ የምንገባው ኃይሉን አስቀንሰን ወይም አስጠፍተን ነው። ያን ዕለት ወደዚያኛው ሕንፃ ጣሪያ ስንወጣ የብረቱ በር ሳይቆለፍ ገርበብ ብሎ ነበር። ከአንዱ የአንቴና ምሰሶ ወደ ውኃ ታንከሩ የልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል፤ በአንቴናው ትክክለኛ ፊት ለፊት የሕፃን ልብሶች ተሰጥተዋል። የማስጠንቀቂያው ሰሌዳ ፀሐይ በልቶት ጽሑፉ አይነበብም፤ ሲጻፍም በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ፊርማ ካሰባሰበው ኮሚቴ አንድም ሰው ስለዚያ በር አልጠየቀም። ስለ በሩ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብን ደግሞ እኛ የቴሌኮም ሰዎች ነን።

ስለዚህ አቤቱታዬ ለሦስት ወገን ነው። ኩባንያዎችና ተቆጣጣሪው አካል፣ የእያንዳንዱን ጣቢያ የልኬት ውጤት ነዋሪው በሚገባው አማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ጽፋችሁ በሕንፃው መግቢያ ለጥፉ፤ ሰው የሚፈራው የተደበቀበትን ነው። ነዋሪዎች፣ «ይነሳልን» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «ይለካልን» ብላችሁ ፈርሙ፤ ሲለካም አብራችሁ ቁሙና ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ። የሕንፃ ባለቤቶች፣ የአንቴናውን ኪራይ ስትቀበሉ የጣሪያውን ቁልፍም ተረከቡ። ልብስ ሌላ ቦታ ይሰጣ፤ በሩም ዛሬውኑ ይቆለፍ።