እናቴ የቀረችበት ደሴት

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ደምበጫ ስትኖር የጣናን ገዳማት ተሳልማ አታውቅም። አንድ የጥምቀት ሰሞን እሷንና የ8 ዓመት ልጄን ይዤ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር ገባን።

በማግስቱ ማልደን ጀልባ ተሳፈርን። እማዬ ውኃ ስለምትፈራ ነጠላዋን ተከናንባ ትጸልያለች፤ ልጄ በደንገል ታንኳ ለሚቀዝፉት ዓሣ አስጋሪዎች እጁን ያውለበልባል።

መጀመሪያ ዘጌ ወረድን። በቡናው ጫካ መሐል አቀበቱን ወጥተን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቷል። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ሥዕሉን እያሳየች ለልጅ ልጇ ተረከችለት። ባለ ዲግሪዋ እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

ስንመለስ ክብራን ገብርኤል ቆምን። እዚያ ሴት አይገባም። አውቅ ነበር፤ ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። አስጎብኚው ልጄን ይዞ ሲወጣ ሁለታችን ጀልባው ላይ ቀረን። ትቀየመኛለች ብዬ ስፈራ፣ ፊቷን ወደ ገዳሙ አዙራ ተሳለመችና «መልአኩ ከዚህም ይሰማኛል» አለችኝ።

ልጄ ሲመለስ አጠገቧ ተቀምጦ «አያቴ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልንገርሽ» አላት።

እናንተም ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያይል በጠዋት ተነሡ። ዋጋ ሳትስማሙ፣ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንም ሳታዩ አትሳፈሩ። ሴቶች የማይገቡባቸውን ገዳማት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለእናታችሁም ከቤት ሳትወጡ ንገሯት።