የቀለጠ በረዶ ነፋስ ሲሆን፦ የገዳሪፍ ሜዳና የስደተኞች ድንኳን

በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ ካሉት ከመተማና ከጋላባት ተነስቶ እስከ ገዳሪፍ ከተማና ከዚያም አልፎ በሚዘረጋው ሜዳ፣ የክረምቱን መግባት አስቀድሞ የሚያበሥረው ነፋሱ ነው። ከሰዓት በኋላ በስተምሥራቅ፣ በኢትዮጵያ ደጋ በኩል ሰማዩ ይጠቁርና ደመናው ወደ ምዕራብ መጓዝ ይጀምራል፤ ወደ ማምሻው ሱዳናውያን ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል አድማሱን ሸፍኖ ይደርሳል፤ ዝናቡ፣ አንዳንዴም በረዶ ቀላቅሎ፣ የሚወርደው ነፋሱ ያገኘውን ካነሣ በኋላ ነው።

በረዶ የሚፈጠረው ሞቃትና እርጥብ አየር በኃይል ሽቅብ በሚወጣበት ደመና ውስጥ ነው። በዚህ የዓለም ክፍል ክረምት ላይ የአየሩ ቅዝቃዜ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያሉ ብዙ የውሃ ጠብታዎች ከዜሮ በታች ቀዝቅዘውም ውሃ እንደሆኑ ስለሚቆዩ፣ ትንሽ የበረዶ ፍሬ ስትነካቸው ወዲያው ይጋገሩባትና ታድጋለች፤ ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ሊሸከማት ሲያቅተውም ትወድቃለች። በደጋው፣ በዳባትና በደባርቅ፣ ማሳው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ፍሬዋ ሳትቀልጥ ትደርስና ያበበውን ባቄላና ያሸተውን ገብስ ታረግፋለች። ገዳሪፍ ግን 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ፣ በረዶው 4 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሞቃት አየር ማቋረጥ ስላለበት አብዛኛው መሬት ሳይነካ ይቀልጣል።

መቅለጡ ግን ለቆላው ሰው እፎይታ አይደለም። በረዶ ሲቀልጥና የዝናብ ጠብታ ሲተን ሙቀቱን የሚወስዱት ከዙሪያቸው ካለው አየር ነው፤ በዚህ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይወረወርና መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይረጫል፤ ሃቡብን የሚያስነሣውም ይኸው ነው። ስለዚህ በደጋው ሰብል የሚመታው ደመና በቆላው መጠለያ ያፈርሳል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይህን በመራራ መንገድ ያወቁት በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ሱዳን የገቡት፣ ቁጥራቸው ከ60,000 በላይ የሆነ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ ጣቢያዎች በሸራ ድንኳን ሰፈሩ። በዚያው ዓመት የክረምቱ መግቢያ ላይ በተከታታይ የተነሡ ማዕበሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ድንኳኖችን ቀደዱ፣ ነቀሉም። ድንኳን ሲወድቅ የሚጠፋው ጣራ ብቻ አይደለም፤ የወሩ ቀለብ ይበሰብሳል፣ ብርድ ልብሱ ይረጥባል፣ ማገዶው ውሃ ይጠጣል፣ እናት ሌሊቱን ሕፃን ታቅፋ ቆማ ታነጋለች።

መሬቱም ጉዳቱን ያባብሳል። የገዳሪፍ ሜዳ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ለም ጥቁር አፈር፣ ማለትም የደጋው ገበሬ ዋልካ የሚለው ዓይነት ነው፤ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል፣ ሲርስ ደግሞ አብጦ የሚያጣብቅ ጭቃ ይሆናል። የድንኳኑ ገመድ የሚታሰርበት ካስማ በደረቁ ስንጥቅ ውስጥ ይላላል፣ በጭቃው ውስጥም መያዣ ያጣል፤ ስደተኞቹ በድንኳናቸው ዙሪያ ቦይ ቢቆፍሩም አፈሩ ውሃ ቶሎ ስለማያሰርግ ቦዩ ሞልቶ ይፈሳል። ከሁሉ የከፋው ግን መንገዱ መዘጋቱ ነው፤ ጭነት መኪናው ጭቃ ላይ ሲቀር አዲስ ሸራም፣ እህልም፣ መድኃኒትም እጅግ በሚያስፈልጉበት ሳምንት ይዘገያሉ።

ከእነዚያ ማዕበሎች በኋላ በጣቢያዎቹ ከእንጨትና ከሣር የሚሠሩ ጎጆዎች፣ በአካባቢው ቱኩል የሚባሉት፣ በድንኳኑ ፈንታ መሠራት ጀመሩ። ከዚህ ነፋስ ጋር ለዘመናት የኖረው ሕዝብ የሚሠራው ቤት ክብ ግድግዳና ሾጣጣ ክዳን ያለው ስለሆነ ነፋሱን አሳልፎ ዝናቡን ያወርዳል፤ ከመጀመሪያው ሊታሰብበት የሚገባ ነበር። በዚህ ድንበር ግራና ቀኝ ስደተኛ የሚቀበሉ መንግሥታትና የረድኤት ድርጅቶች የጎጆውን እንጨት፣ ሣርና ገመድ ከሚያዝያ በፊት በየጣቢያው ሊያደርሱ ይገባል፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የታሰበ እርዳታ ጥቁሩን አፈር አይሻገርም።