የጡብ መልክ በጭቃ ግድግዳ ላይ

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ሐርቡ፣ እንደ ሌሎቹ የወሎ ከተሞች ሁሉ፣ ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠሩ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። የእንዲህ ዓይነቱ ቤት ባለቤት ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ የቤቱን ፊት ጡብ ማስመሰል ቢሻ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ እውነተኛው ጡብ ውድ ነውና። የተለመደው ዘዴ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ፣ ልስኑ ሳይደርቅ በብረት ጫፍ የጡብ መስመር መጫርና ቀይ ቀለም መቀባት ነው። ዘዴው ርካሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የጭቃን ጠባይ ያላገናዘበ ነው።

ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። ሁለቱ አብረው ሊንቀሳቀሱ ስለማይችሉ ልስኑ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ይሰነጠቃልም። ከዚህ የከፋው የክረምቱ ዝናብ ነው። ውኃ በቀጭን ስንጥቅ በቀላሉ ይገባል፤ የሲሚንቶ ልስን ግን እንፋሎትን በሚገባ ስለማያሳልፍ የገባው እርጥበት ተመልሶ መውጣት ይሳነዋል። በመሆኑም ከውጭ ያማረው ግድግዳ በውስጡ ማገሩ ሲበሰብስና ምስጥ ሲበላው ይቆያል። የሽቦ መረብ መወጠርም ልስኑን ከመውደቅ ይይዘዋል እንጂ እርጥበቱን አያስወጣውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የጡብ መልክ የታተመበት፣ ሬንጅ የጠጣ ሉህ ርካሽ የቤት ልባስ ሆኖ ተስፋፍቶ ነበር፤ ከበስተኋላው እርጥበት በታፈነበት ቤት እንጨቱ የደረሰበት ዕጣ ይኸው ነው።

ቀጫጭን የጡብ ወይም የድንጋይ ንጣፍ መለጠፍስ? እዚህ ላይ ክብደት ይመጣል። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ልስን ብቻውን በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ንጣፉ በዚያ ላይ ይደረባል። ሐርቡ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ የራቀች አይደለችም። በዚያው መንገድ በስተደቡብ ያለችው ካራ ቆሬ በ1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድታለች፤ ጎረቤቷ ማጀቴም ፈርሳለች። በላላ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ከባድ ነገር በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚወርደው በደጅ ባለው ሰው ላይ ነው።

ለጭቃ የሚስማማው ኖራ ነው። አንድ እጅ የበረደ ኖራ ከሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ተለውሶ ሲለሰን፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ኖራ ድንጋይነት ይመለሳል፤ ከሲሚንቶ የለዘበ ነው፤ እንፋሎትም ያሳልፋል። የጡቡ መስመር በእርሱም ላይ ይጫራል። ለቀለሙ በወንፊት የተነፋ ቀይ አፈር ከኖራ ውኃ ጋር መቀላቀል ይበቃል። አፈሩን የሚያቀላው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ሸክላ ሲተኮስ ጡቡን የሚያቀላውም ይኸው ስለሆነ ቀለሙ እንኳ ማስመሰል አይባልም።

ሥራው ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምት ቢጀመር ይመረጣል፤ ልስኑ በፀሐይ እንዳይቸኩል ለቀናት ውኃ ይረጭበታል። ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ሠራተኛው ጓንትና መነጽር ያድርግ። ቀድሞ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት ያለው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ይፈትሽ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ሁሉ ተነሥቶ፣ የበሰበሰው ማገር ተለውጦ፣ ጭቃው በጭድ እንደገና ሳይመረግ አዲስ ልስን ሊደረብበት አይገባም።