ለግት በሽታ ከመርፌው በፊት የወተት ምርመራ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው አዲስ ዓለም ወተት ለሚሸጥ አርሶ አደር የላሚቱ ግት አብጦ ወተቱ መጓጎል ሲጀምር የዕለት ገቢው ይቋረጣል። ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎቹ ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስለሚያመነጩ መርፌው ቢደጋገምም ለውጥ አይመጣም። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ሲጣመር ኢንዛይሙ ይታገዳል። ሜቲሲሊንን የተላመደውን ባክቴሪያ ግን ይህም ጥምረት አይበግረውም።

በግምት መውጋት ርካሽ ይመስላል እንጂ ኪሳራ ነው። በላቦራቶሪ ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ መድኃኒት የያዙ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጣሉ፤ በማግስቱ በአንዱ ዙሪያ በቂ ስፋት ያለው የጠራ ቀለበት ከታየ ያ መድኃኒት ወይም ጥምረት ባክቴሪያውን ገትቶታል። ናሙናው ታዲያ ላሚቱ ከመወጋቷ በፊት፣ ጡቷ ተጠርጎ በንጹሕ ዕቃ ሊወሰድ ይገባል። ከታከመች በኋላም ወተቷ በመድኃኒቱ መመሪያ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ አይሸጥም።